ስለት ሰብሳቢዋ ጦጣና ቀና ባይዋ ዶሮ

ኑ፣ ኑ፣ ጠጋ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ፤ አንቺም ሹሩባሽን ኋላ ትጨርሺዋለሽ። ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ፤ ይሄ ተረት ከልጆቹ ይልቅ እናንተን ነው የሚነካው። እኔ እንደሆንኩ ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ድሮ፣ ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ስሟ በተረሳ በአንዲት አገር ዝናብ ቀረ። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔም ተጋመሰ፤ ሰማዩ ላይ የደመና ጭራ እንኳ የለም። ያን ጊዜ እንስሳቱ አራሾች ነበሩ። በየቤታቸው የቀረችው ለዘር የተቀመጠች ገብስ ብቻ ናት። ዘር ደግሞ አይነካም። ዘሩን የበላ የከርሞ ልጁን በላ ይባላል።

እንግዲህ ጭንቀት በየቤቱ ገባ። በሬው ስለ ማሳው ይጨነቃል። አህያዋ ስለ ውርንጭላዋ ትጨነቃለች። በግ ስትጨነቅ ፍየል ታያትና እሷም ትጨነቃለች። ይሄን ሁሉ ከዛፍ ላይ ሆና የምታይ አንዲት ጦጣ ነበረች። አርሳ አታውቅ፣ ዘርታ አታውቅ፤ የሌላ ማሳ ስትገለብጥ ነው የኖረችው። «ጭንቀት እንዲህ ከበዛማ ለኔ መኸር ገባልኝ» አለች በልቧ።

እሾህ ላይ የቀረች የነጠላ ቁራጭ አነሳችና ራሷ ላይ ጠመጠመች። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለው ዋርካ ላይ ወጣችና ትጮህ ጀመር፦

«ሰማይ ሩቅ ነው፣ ዛፌ ቅርብ ነው፤ ስጡኝ ላድርስላችሁ!»

«ምኑን ነው የምታደርሺልን?» አሏት።

«ጭንቀታችሁን ነዋ! እናንተ መሬት ላይ ሆናችሁ ስታንሾካሹኩ ማን ይሰማችኋል? እኔ ከሁላችሁ ከፍ ያልኩ ነኝ። ግን ባዶ እጄን አልሄድም። ስለታችሁን ዛሬውኑ አምጡ። ዘራችሁን!»

ቄስ አይደለች፣ መነኩሴ አይደለች፣ ጦም እንኳ ጦማ አታውቅም! ዛፍ ስለወጣች ብቻ! ግን የጨነቀው ሰው ምን ማስተዋል አለው? በሬው ስልቻውን ተሸክሞ መጣ። በግ መጣች፣ ፍየል ተከተለቻት። ትናንት «አንቺ» ሲሏት የነበረችው ጦጣ ዛሬ «አንቱ» ሆነች። እሷም ስልቻውን ወደ ላይ እየጎተተች ቅጠሉ ውስጥ ትሰወራለች፤ ቆይታ ባዶውን ትወረውርና «ደርሷል!» ትላለች። ጉንጯ ግን አብጦ ነው የሚታየው።

በዚያ ሰፈር ብዙ ጫጩት የምታሳድግ አንዲት ዶሮ ነበረች። ባሏን ቀበሮ በልቶባታል። ከጫጩቶቿ ሌላ ያላት ሀብት አንዲት ቅል የዘር ገብስ ነው። ጭንቀትማ ሞልቷት ነበር፤ ከላይ ጭልፊት አለ፣ ከታች ሸለምጥማጥ አለ፣ መሬቱ ደርቆ ጥፍሯ እስኪደማ ነው የምትጭረው። ግን ውሃ በጠጣች ቁጥር አንድ ልማድ አላት። ጎንጨት ትላለች፣ ቀና ትላለች፣ «ተመስገን» ትላለች። ደግሞ ጎንጨት፣ ቀና፣ ተመስገን። የልቧን ሁሉ የምትነግረው በዚያች በቀና ማለቷ ነው። «ጌታዬ፣ የዛሬውን እጭራለሁ፤ የነገውን አንተ ታውቃለህ» ትልና ወደ መጫሯ ትመለሳለች።

ጎረቤቷ አህያ አንድ ቀን እያለከለከች መጣች። «እታለም ዶሮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ የዘር ስልቻዬን ለእመት ጦጣ አስገባሁ። አንቺም አግቢ፤ ልጆች አሉሽ!»

«ሰጠሻት? ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምን ላድርግ? ውርንጭላዬን ሳየው እንቅልፍ የለኝም።»

ዶሮ ጓደኛዋ አሳዘነቻት። ለራሷም ፈራች፤ ትንሿ ጫጩት ከሰሞኑ ክንፏን ጥላ ነበር። ቅሏን አንጠልጥላ ከአህያ ጋር ወደ ዋርካው ሄደች።

ጦጣ ከላይ ሆና «ሰማይ ሩቅ ነው፣ ዛፌ ቅርብ ነው፤ ስጡኝ ላድርስላችሁ!» አለች። «ነይ እስቲ ዶሮ፣ ቅሏን ወደዚህ አቀብዪ።»

«መሳሉንስ ልሳል» አለች ዶሮ። «ዝናብ ከጣለ፣ ልጆቼም ከተረፉ፣ ከአዲሱ እሸት ለቤተ ክርስቲያን አገባለሁ። ይኸው ተሳልኩ። ቅሏን ግን ለምን እሰጥሻለሁ?»

«ለምን? እግዚአብሔርን በዱቤ ልትለምኚው ነው?»

«በይ እንግዲህ አታናግሪኝ!» ዶሮ ላባዋ ቆመ። «ስለት ሲሰምር ነው የሚገባው። በሬው አምና ከሕመሙ ሲድን አይደለም ዣንጥላ ያገባው? ገና ታሞ ተኝቶ ነው ያገባው? እናቴም እናቷም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ጌታ ከኔ ቀድሞ ሲሰጠኝ ኖሯል፤ እኔ መቼ ቀድሜው አውቃለሁ? ደግሞ ስለት የሚገባው ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለቅርንጫፍ ነው እንዴ?»

አህያ ደነገጠች፤ ነገሩ ልክ እንደሆነ ገብቷታል። ግን ዘሯን አንዴ ሰጥታለች። አንዴ የሰጠ ሰው ተሞኘሁ ከማለት ጓደኛውን እብድ ነው ቢል ይቀለዋል። አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጦጣ ግን ነገሩን አልተወችውም። በማግስቱ እንስሳቱን ሁሉ ጠርታ «ዝናቡ የቀረው በማን እንደሆነ ልንገራችሁ?» አለች። «ጸሎታችሁን ደጁ አድርሼው ነበር። አንዷ ስላላመነች ተመለሰብኝ። ዶሮ ናት!»

አያችሁ ይህቺን? ሌባ ስትሆን ዳኛ ሆና ቁጭ አለች! እነዚያ ሞኞችም አመኗት። በሬው በሽማግሌነቱ ተነሳና ፈረደ፦ «ዶሮን እሳት የጫራት፣ ውሃ ያቀበላት፣ እንደሷ ይሁን!» አገሩ ሁሉ የሚጠጣበት ምንጭ ተከለከለባት። በጓም ፍየሏም በቀንዳቸው ከምንጩ ዳር ይመልሷታል። አህያስ? አህያ ጎረቤቷ፣ ውርንጭላዋን ከዶሮ ልጆች ጋር ያሳደገች፣ ጀርባዋን ሰጥታት ቆመች። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጦጣስ ጦጣ ናት፤ ጎረቤት ግን!

ዶሮ ጠዋት ጠዋት ጫጩቶቿን ከቅጠል ላይ ጤዛ ታስለቅም ጀመር። ጤዛ ምን ያህል ነው? ትንሿ ጫጩት መነሳት አቃታት። ዶሮ ያን ቀን አለቀሰች፤ ተቆጣችም። «ጌታዬ፣ ሌባዋ ከላይ ተቀምጣ እኔ ልጆቼን በጥም ልቅበር? ታያለህ አይደል? ካንተ ሌላ ለማን ልናገር?» አለች። ከዚያ አንዲት የጤዛ ጠብታ ለጫጩቷ ሰጠች፣ አንዲት ለራሷ አደረገች። ጎንጨት፣ ቀና፣ ተመስገን። ያን ቀን «ተመስገን» ማለቱ ከብዷት ነበር፤ ብላለች ግን።

ዝናቡ የመጣው ማንም ሳይጠራው ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዘረገፈው። ጫጩቶቹ ደጃፋቸው ላይ ጠጡ፤ ትንሿም ነፍስ ዘራች። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና ሁሉም በየቤቱ ተከተተ። ጦጣም ተኮራምታ ከአንድ የድንጋይ ጥላ ስር ነው የከረመችው፤ ያ ከፍ ያለው ዛፏ ዝናብ አላስጠልላትም።

ሰማዩ ሲገለጥ ጦጣ ሮጣ ከዋርካዋ ቅርንጫፍ ላይ ወጣች። አዲስ ስልቻ ለመቀበል ቸኩላ ወደ ግንዱ ዞር ብላም አላየች። «አያችሁ? አደረስኩላችሁ! በሉ የምስጋናውን ደግሞ አምጡ!» አለች። እንስሳቱ እልል አሉ፣ ዘለሉ። እልልታው ሲበርድ ግን በሬው መሬቱን በሰኮናው ጫር አደረገና ቆመ። መሬቱ ርሷል፣ ለዘር ደርሷል። ዘሩስ?

«እመት ጦጣ፣ አንቱ» አለች አህያ። «ምኑን ነው የምንዘራው?»

«ዘራችሁማ ሰማይ ገብቷል። ዝናብ ሆኖ ወረደ አይደለም እንዴ?»

ክረምቱ ሳይዘራ ሊያልፍ ነው፤ የከርሞ ረሃብ ከወዲሁ ታያቸው። አህያ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ የመጣችው ይሄኔ ነው። ከዋርካው ስር ውሃ አቁሯል። ያ ሁሉ እንስሳ ከዚያው ሲጠጣ አርፍዷል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሆዱን ሞልቶ። ዶሮ ተጠጋች። ጎንጨት አለች። ቀና አለች። ተመስገን ግን አላለችም።

«እሱ ምንድን ነው?» አለች።

«ምኑ?» አሏት።

«ከግንዱ ላይ። ያ አረንጓዴ።»

ሁሉም ቀና አሉ። ከዋርካው ግንድ ላይ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ አንድ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ገብስ በቅሏል! ለምለም፣ የበቀለ፣ እንደ ጢም ተንጨባሮ የወጣ ገብስ። ዋርካ ገብስ አብቅሎ ያውቃል? ጦጣ የምትችለውን በልታ የቀረውን እዚያ ከታዋለች፤ ጌታ ደግሞ ዝናቡን ማሳ ላይ ብቻ አላዘነበውም።

«እሱማ... ለጌታ እያስቀመጥኩለት ነው!» አለች ጦጣ።

«ጌታ ጎተራ አጣና ካንቺ ጉድጓድ ተጠጋ?» ብሎ አገሳ በሬው። አንቱታው በዚያች ደቂቃ ቀረ። ወደ ኋላ ሄደና ተንደርድሮ ግንዱን በቀንዱ መታው። አንዴ ሲመታው ጦጣ ወደቀች፤ ደግሞ ሲመታው የበሰበሰው ግንድ ተሰነጠቀና ገብሱ ይንዠቀዠቅ ጀመር። ላይ ላዩ በቅሏል፤ ታች ታቹ ግን ደረቅ ነው፣ ዘር ነው! ጦጣ ጥምጥሟን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች። ይኸው እስከ ዛሬ ከማሳ ዳር ብቅ ስትል ገበሬው ወንጭፉን የሚያነሳባት ለዚህ ነው።

ሁሉም ከዘሩ ተካፈሉ። በሬው አፍሮ ለዶሮ ሰገደ፤ ምንጩንም ከፈተላት። አህያም አንገቷን ደፍታ ቀረበች። «እታለም፣ ጨንቆኝ ነው...» አለች።

«ማን ያልጨነቀው አለ?» አለቻት ዶሮ። «ይቅር ብዬሻለሁ፤ ጌታም ይቅር ይበልሽ። ግን የልጄን ጥም አልረሳውም፤ አንቺም አትርሺው። ሌላ ጊዜ ሲጨንቅሽ ለሱ ንገሪው። እንዲሰማሽ ዛፍ መውጣት አያሻም።»

መኸር ሲደርስ ዶሮ ከአዲሱ እሸት ይዛ፣ ጫጩቶቿን አሰልፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስለቷ ሰምሮላታልና አገባችው። ትንሿም ጫጩት አድጋ የእሸቱን አንድ ዛላ ተሸክማ ነበር።

እናንተም ነገ ጠዋት ደጅ ስትወጡ ዶሮዋን ውሃ ስትጠጣ እዩዋት። ቀና ማለቷን አልተወችም። ሰው ግን ይኸው ዛሬም፣ አንዱ ጥምጥም አድርጎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በጮኸ ቁጥር ስልቻውን አንጠልጥሎ ይሮጣል! እኔ ተናገርኩ፤ የተናገርኩትን ወስዳችሁ ልባችሁ ላይ ዝሩት። ደግሞም ይህችን ያዙ፦

በጌታው ያመነ በጎነጨ ቁጥር ቀና ይላል፤ በጦጣ ያመነ ዘሩን ያስበላል።