የቀዘቀዘችው ሽሪምፕ ሕልም

ተረት ተረት፤ የጨው ውሃ በመስታወት።

አንድ ሆዳም ዓሣ ጨዋማ ውሃ በተሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ይኖር ነበር። የተወለደው እዚያው ስለሆነ ባሕር የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ጠዋት ሽሪምፕ የሚባሉ ሁለት ባለ ቅርፊት ትናንሽ የውሃ እንስሳት ከላይ ተወረወሩለት፤ አንዷ ነፍስ ያላት፣ ሌላዋ በበረዶ የደረቀች። ዓሣው የምትንቀሳቀሰውን መረጠና ከድንጋይ ጋር አጣብቆ አፉን ከፈተ።

ሽሪምፗ ግን ብልጥ ነበረች። «ጌታዬ፣ እኔን ቢበሉኝ ከሥጋ በቀር የሚያገኙት የለም። እህቴን ግን በረዶ የያዛት ባሕርን በሕልሟ እያየች ሳለ ነው። እሷን የበላ ሕልሟን ያያል» አለችው።

«ባሕር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ የሌለው ውሃ ነዋ!»

ዓሣው ይህን ሲሰማ ልቡ ተንጠለጠለ። በረዶው ቀስ እያለ እስኪሟሟ ጠበቀና የቀዘቀዘችውን ዋጣት። ከዚያም በገንዳው ውስጥ ከበቀለው ሣር መሃል ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ ሽሪምፗ ከድንጋዩ ሥር ተሸሽጋ ነበር። ዓሣው ግን አልፈለጋትም። «አየሁት እኮ!» አለ በለሆሳስ። «ዋኝቼ ዋኝቼ ዳርቻውን አጣሁት። ብርሃን እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ውሃው ራሱ ይተነፍሳል።»

ሽሪምፗ የተፈለፈለችው በባልዲ ውስጥ ነበርና ባሕርን እሷም አይታው አታውቅም፤ ነፍሷን ለማዳን የፈጠረችው ወሬ ነበር። ቀስ ብላ ከመሸሸጊያዋ ወጣችና እስከ ዓሣው አፍ ድረስ ተጠጋች።

«ጌታዬ» አለችው፣ «እስቲ ደግመው ይንገሩኝ።»

ተረቴን መልሱ፤ ከሕልሙም ቅመሱ።