የወይዘሮ ዳሳሽ ገመድ

ልጄን ከደጅ አላስወጣም፣ አደጋ ይበላብኛል ብሎ ለሚጨነቅ ወላጅ እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች የምንላት አንዲት ነገር አለች። ሰው ሁሉ ይላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ሳልናገር ደግሞ አላድርም።

ነገሩ የወይዘሮ ዳሳሽ ነው። ወንድሟን ሐይቁ በልቶባታል። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ወደ ውኃው ዳር ትሮጣለች፤ አንዲት ልጇ ትርንጎ ታንኳ ላይ ስትወጣማ አትጠይቁኝ። ገበያው ማዶ፣ ወፍጮው ማዶ ስለሆነ ልጅቱን ማስቀረት አይቻልም። ስለዚህ ዳሳሽ ዘዴ ፈጠረች። ታንኳ የሚሠራው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ቄጤማ፣ ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ አይሰጥምም። እንግዲያው ከታንኳው ጋር ካሰርኳት የት ትሄድብኛለች ብላ፣ የልጅቱን ወገብ በገመድ ሦስት ጊዜ ጠምጥማ፣ አጥብቃ ቋጥራ ትልካት ጀመር።

የዳሳሽ አጎት አባ ደምለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ሲያዩ ዝም አላሉም።

«ልጄ፣ ታንኳው አይሰጥምም፤ ይገለበጣል እንጂ። ሲገለበጥ የታሰረችው ከሥር አይደለም ወይ የምትሆነው?»

«እርስዎ ወንድሜን መች አወጡልኝ» አለቻቸው። ክፉ ቃል ነው። ወዲያው ቆጫት፤ ገመዱን ግን አልፈታችም።

ሽማግሌው አልተቀየሟትም። «በይ እንግዲያው እኔን እሰሪኝ» አሏት።

ውኃው ደረት ከሚደርስበት ቦታ ወስደዋት፣ ልጇን በምታስርበት ገመድ፣ ልጇን እንደምታስር አድርጋ አሰረቻቸው። ታንኳውን ራሳቸው ወዝውዘው ገለበጡት። ከሥር እግራቸው ሲንፈራገጥ ብታይ ዳሳሽ ውኃውን እየገፋች ደረሰችና ቋጠሮውን ያዘች። ርጥብ ቋጠሮ ደግሞ በሳቡት ቁጥር ይጠብቃል። ጣቷ ከዳት፤ በጥርሷም ሞከረችው። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ከመቀነታቸው ቢላዋ መዘው ቆረጡትና እየሳሉ ወጡ።

«ልጄን ገዳይዋ እኔ ነበርኩ» ብላ እዚያው ውኃ ውስጥ ቆማ አለቀሰች። ከዚያም፣ «ታዲያ ይህን ፍርሃት የት ላድርሰው፣ አባ?» አለች።

«የትም አታደርሺውም። ሥራ ስጪው» አሏት።

በማግስቱ እናትና ልጅ ዋና ሊማሩ ውኃ ገቡ። መንደሩ ሳቀ፤ ባለ ትዳር ሴት እንደ እንቁራሪት ትንፈራገጥ ጀመር ተባለ። ዳሳሽ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ትርንጎ በወሩ ዋና ቻለች፤ እናትየው ብዙ ውኃ ጠጥታ ዓመት ሊሞላት ሲል ቻለች። ከዚያም አባ ደምለው ታንኳውን እየገለበጡ፣ እንዴት ከሥሩ እንደሚወጣ፣ የሰመጠ ሰው ከኋላ እንጂ ከፊት እንደማይያዝ አስተማሯቸው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ትርንጎና ጎረቤቷ ወይዘሮ ስንዱ ከገበያ ሲመለሱ ነፋሱ ድንገት ተነሣ። ዳሳሽ ዳር ቆማ እያየች ታንኳው ተገለበጠ። ሁለት ራስ ጠፋ። ዳሳሽ መቀነቷን ጥላ ውኃው ውስጥ ገባች። እየዋኘች ቀና ስትል የትርንጎ ራስ ብቅ አለ። ልጅቱ ዙሪያዋን ቃኘችና ተመልሳ ጠለቀች። ስትወጣ ወይዘሮ ስንዱን፣ ያቺን ግንድ የምታህል ሴት፣ ከኋላ በብብቷ ይዛ ነበር። በተገለበጠው ታንኳ ላይ አስደገፈቻት። እናት ስትደርስባቸው አብረው እየገፉ ወደ ዳር አመጡት።

ዳሳሽ ጭቃው ላይ ተቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው። «የእኔ ልጅ ናት! አያችኋት? የእኔ ልጅ!» ትላለች፤ ኩራቷ ለመንደሩ ሁሉ የሚተርፍ ነበር። ስቀውባት የነበሩትም አብረዋት እልል አሉ።

የስንዱ ባል የዳሳሽን ጉልበት ሊስም ጎንበስ እያለ፣ «እንዲያ ፈሪ አልነበርሽም እንዴ? ፍርሃትሽን ምን አደረግሽው?» ብሎ ጠየቃት።

«አሁንም እፈራለሁ፤ ያው እጄን እየው» ብላ የሚንቀጠቀጥ እጇን ዘረጋችለት።

አባ ደምለው ያን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው፣ «ሰማችሁ፣ የልጅ ወላጆች፤ ፈርቶ ከማሰር፣ ፈርቶ ማስተማር» አሉ።