ፊቷ የጠፋው ሥዕል

አንድ ሠዓሊ ነበሩ። አለቃ ዳምጤ ይባላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ከደብር ደብር እየዞሩ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ኖረዋል። ሚስት አላገቡም፤ ጎጆ አልቀለሱም። "ቤትዎ የት ነው?" ብሎ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር "የሣልሁበት ሁሉ ቤቴ ነው" ይሉት ነበር። በጉልምስናቸው ይህን ሲናገሩ ደስ ይላቸው ነበር። በስተርጅና ግን አፋቸው ስለለመደው ብቻ የሚሉት ነገር ሆነ።

ስልሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣ። መጀመሪያ ቀዩና ቡናማው ተቀላቀለባቸው፤ ቀጥሎ የሰው ፊት ከሩቅ እንደ ጭስ ይሆንባቸው ጀመር። ያን ጊዜ በልባቸው አንድ ነገር አሰቡ። "ጨርሼ ሳልታወር የሠራሁትን ልየው። ልጅ የለኝ፣ ርስት የለኝ፤ ሥዕሎቼ ቆመው ካገኘኋቸው ግን በከንቱ አልኖርሁም ማለት ነው" አሉ። ከሣሏቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዷቸው ሦስት ነበሩ። እነሱን ሊያዩ ብሩሻቸውንና የተረፈ ቀለማቸውን በከረጢት ይዘው፣ ምርኩዛቸውን ጨብጠው ተነሡ።

የመጀመሪያው ደብር አምባ ላይ ነው። ሁለት ቀን አቀበት ወጥተው ደረሱ። በዚያ የሣሉት ቅዱስ ጊዮርጊስን ነበር፤ ነጩ ፈረስ ብቻውን ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ገብተው ቀና ቢሉ ግድግዳው እርቃኑን ቀርቷል። ጣራው ሲያፈስ ኖሮ ቀለሙ በዝናብ ታጥቦ ወርዷል። የተረፈው የፈረሱ ሁለት ኮቴ ብቻ ነበር።

"ምነው ጣራውን ሳትከድኑት?" ብለው ዲያቆኑን ጠየቁት።

"ሦስት ዓመት ድርቅ ነበር አባቴ" አላቸው። "የተገኘውን ሣር ለከብት ሰጠነው። ዝናቡ ሲመለስ ጣራው ቀዳዳ ሆኖ ጠበቀው።"

"ፈረሴ ከላሞቻችሁ ይበልጥ ነበር" ሊሉ ቃሉ አፋቸው ላይ መጣ። አፈሩና ዋጡት። በማግስቱ ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ይልቅ ከበዳቸው።

ሁለተኛው ደብር ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው። ጣራው በአዲስ ቆርቆሮ ተለብጧል። አለቃ ዳምጤ ከመግባታቸው ዓይናቸውን ብርሃን ወጋቸው፤ ግድግዳው ሁሉ በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ተሥሏል። የእሳቸው ሥዕል በነበረበት ቦታ ላይ ጉንጩ የቀላ፣ ፀጉሩ የተቀባባ አንድ መልአክ ቆሟል። የደብሩ አስተዳዳሪ እንግዳ መሆናቸውን አይተው በኩራት ቀረቡ።

"የድሮው ደብዝዞ ነበር። ወጣት ሠዓሊ አስመጥተን በላዩ ላይ አሣልንበት። እንዴት እንደሚያበራ አዩት?"

"አየሁት። ከሥር የነበረውን ማን ነበር የሣለው?"

"እኔ እንጃ። አንድ ያገር ሠዓሊ ነው ይላሉ። ሳይሞት አይቀርም።"

"ሳይሞት አይቀርም" ብለው አለቃ ዳምጤ ደገሙና ወጡ።

ከቅጥሩ ውጭ አንድ ዋርካ ነበር። ከሥሩ ተቀመጡና ያን ቀን መነሣት አቃታቸው። ወደ ኋላ አሰቡ። በወጣትነታቸው ብሩሽ ከመያዛቸው በፊት ይጾሙ ነበር፤ ዳዊቱን ሳይጨርሱ ቀለም አይበጠብጡም ነበር። ከዚያ ስማቸው ተሰማ። ባላባቶች ይልኩባቸው ጀመር። ጸሎቱ አጠረ፤ ካጠረም በኋላ ልመናው "ከእገሌ አስበልጠኝ" የሚል ብቻ ሆነ። መቼ እንደተለወጠ ግን ሊያስታውሱ አልቻሉም።

"አርባ ዓመት ለእግዚአብሔር ሣልሁ ስል፣ ለካ ለዳምጤ ኖሯል የምሥለው" አሉ።

ይህን ማወቃቸው አላጽናናቸውም፤ ይብሱን አደከማቸው። ሰው ለራሱ ሠርቶ ለራሱም ሳይተርፍለት ሲቀር በየት በኩል ይጽናናል?

ሦስተኛው ሥዕል ያለው ቆላ፣ ከወንዝ ማዶ፣ በአንዲት ደሃ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ የሣሉት እመቤታችንን ነበር፣ ልጇን ታቅፋ፤ ከሣሏት ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗል። አለቃ ዳምጤ መሄድ አላማራቸውም ነበር። ነገር ግን የሚመለሱበት ቤት ስላልነበራቸው ወደ ፊት ሄዱ። በስድስተኛው ቀን፣ ሙቀቱ ልባቸውን አፍኖት፣ እግራቸው አብጦ ደረሱ።

ቄሰ ገበዙ ይርጋው ከደጅ ተቀምጠው ነበር። አርጅተዋል፤ ነገር ግን ገና ከሩቅ ለዩዋቸው።

"አለቃ ዳምጤ! በሕይወት አሉ?"

"እንደዚያ ይላሉ" አሉ አለቃ። ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሥዕሉ በሴቶች በኩል፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ነበር የተሣለው። ቀረቡ። ሰማያዊው ካባ አለ። ከላይ መላእክቱ ክንፋቸውን እንደዘረጉ አሉ። ፊቷ ግን የለም። የሕፃኑም እጅ የለም። ቀለሙ ተፍቆ ሥዕሉ የተሣለበት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጨርቅ ድርና ማጉ እስኪታይ ድረስ ነጥቷል። አለቃ ዳምጤ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ብዙ እግር ሲረግጠው እንደሚለሰልስ ለስልሷል።

ያን ጊዜ የአንድ ወር ድካም ቁጣ ሆኖ ወጣ።

"ማነው የፋቃት? ምን አደረገቻችሁ? ዝናብ አልነካት፣ ሌላ ሠዓሊ አልደረሰባት፤ በገዛ እጃችሁ አጠፋችኋት?"

ቄሰ ገበዙ አንገታቸውን ደፉ።

"አልፋቅናትም አለቃ" አሉ በዝግታ። "ስመን ጨረስናት።"

አለቃ ዳምጤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። የሚሆነውን ሳያዩ መሄድ ስላልቻሉ ሦስት ቀን እዚያ ቆዩ። ሰው ይመጣል። ግንባሩን በባዶው ጨርቅ ላይ ያሳርፋል፣ ጉዳዩን ይናገራል፣ ስሞ ይሄዳል። አንዷ በወባ ስለሚንቀጠቀጥ ልጇ ትናገራለች። አንዱ ሽማግሌ ወንድሙን ይቅር ማለት እንዳቃተው ይናገራል። አለቃ ዳምጤ ለማድመጥ ብለው ሳይሆን ከጥግ ስለነበሩ ሁሉንም ሰሙ።

በሦስተኛው ቀን ደብሪቱ የምትባል ሴት መጣች። ባሏን ከቀበረች ሁለት ወር አልሞላትም። ስማ ስትነሣ አለቃ ዳምጤ ጠሯት።

"ልጄ፣ ምን አይተሽ ነው የምትስሚው? ፊት የለውም እኮ።"

"ፊቷን አልደረስሁበትም አባቴ" አለች። "ነፍስ ሳውቅ ጠፍቶ ነበር። ግን አያቴ እዚህ ጋ አልቅሳለች፤ እናቴም አልቅሳለች። ሁለቱም እንባቸውን ጠርገው ቤታቸው ገብተው እራት ሠርተውልናል። እኔም ዛሬ ልጆቼ ይጠብቁኛል።"

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ቄሰ ገበዙ ከኋላ ሆነው ሰምተው ነበር። "አለቃ፣ ፊቷን ቢመልሱልን" አሉ።

"ዓይኔ ሄዷል። እንደ ድሮው አይሆንም።"

"እኛስ እንደ ድሮው ነን?"

አለቃ ዳምጤ ከረጢታቸውን ፈቱ።

ዘጠኝ ቀን ሠሩ። አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ተጠግተው፣ በአንድ እጃቸው ሌላውን እየደገፉ ሠሩ። ከእገሌ አስበልጠኝ አላሉም። ብሩሹን በነከሩ ቁጥር ከጥግ ተቀምጠው የሰሙት ሰው ትዝ ይላቸውና ስሙን ይጠሩለታል፤ ስሙን የማያውቁትን "ያ ወንድሙን የተቀየመው" ይሉታል። ከብዙ ዓመት በኋላ መጸለያቸው ነበር፤ ጸሎት መሆኑን ግን ልብ አላሉትም።

በዘጠነኛው ቀን አለቀ። ሥዕሉ አላማረም። አንዱ ዓይን ከሌላው አንሷል፤ አፏም ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ውሎዋ የከበዳት፣ ግን ልጇን ያላወረደች እናት ትመስል ነበር። አለቃ ዳምጤ ሊያርሙት ብሩሹን አነሡ፤ እጃቸው እምቢ አለና ተዉት።

ቀለሙ ሳይደርቅ ደብሪቱ ገባች። የእመቤታችንን ፊት ስታይ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ማንም ሳይከለክላት ሮጣ ሳመቻት። ቀና ስትል ከንፈሯ ቀለም ይዟል፤ በእመቤታችን ጉንጭ ላይም የከንፈሯ ቅርጽ ቀርቷል።

"ወይኔ አባቴ! አጠፋሁብዎ!"

አለቃ ዳምጤ ተጠግተው አዩት።

"አላጠፋሽውም ልጄ" አሉ። "ጀመርሽው እንጂ።"

ብሩሻቸውን አጠቡ። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ጋደም ብለው፣ ስለ ነገ ምንም ሳያስቡ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን የደከምንበት ነገር እንደተውነው ቆሞ እንዲጠብቀን እንፈልጋለን። ልጅ ያሳደገ፣ ተማሪ ያስተማረ፣ በሽተኛ ያስታመመ ሁሉ አንድ ቀን ዞሮ ሲያይ የእጁን ሥራ ያጣዋል። ያኔ ድካሙ እጥፍ ይሆንበታል። ዝናብ የወሰደው አለ፤ ሌላ ሰው በላዩ የሣለበትም አለ፤ ይህ ያሳዝናል፣ አያሳዝንም አልልም። ነገር ግን የጠፋው ሁሉ ባክኖ አይደለም። ሰው እየተደገፈበት፣ እንባውን እየጠረገበት ያለቀም አለና፣ የሥራችንን ዋጋ በቀረው ብቻ አንለካው።

እናንተስ፣ ዕድሜያችሁን የሰጣችሁት ነገር ዛሬ ብታጡት፣ ማን እንደፋቀው ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ሰው እንደሳመው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?