ታንጉት፣ መሻገሪያውም ሴትዮዋም

ጋሼ ቢተው፣ አክብሬዎት ነው ዝም ብዬ የወጣሁት፤ አሁን ግን ይስሙኝ! «ልጄን በወንዝ መሻገሪያ ስም አልጠራም» አሉ አይደል? እህቴ በአራስነቷ «ታንጉት ትባልልኝ» ብላ ለመነችዎት፣ እርስዎ እምቢ! እሺ፣ ታንጉት ዛሬ ወደ ገበያ ስንወርድ የምንሻገርበት ቦታ ነው። ድሮ ግን ሰው ነበረች፣ ሴት!

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ድንጋዩን እያንከባለለ መሻገሪያውን ያጠፋዋል፣ እሷ ወገቧን በረጅም ጠፍር ታስራ፣ ጫፉን ዳር ካለ ዛፍ ላይ ቋጥራ ቀድማ ትገባና በእግሯ እየዳበሰች ታገኘዋለች። ከዚያ ሰው ከዳር ሆኖ «ታንጉት!» ይላል፣ እሷ ከወዲያ «ወዲህ!» ትላለች፣ በቃ ድምፅዋን ተከትሎ መሻገር ነው! ታዲያ አገሩን የሚገዙት ፊታውራሪ ደምለው በዚህ ቀኑባት ይባላል። «በእኔ አገር የሴት ስም ነው የሚጠራው?» ብለው፣ መሻገሪያው በስማቸው እንዲጠራ፣ ታንጉት ያለ እንዲገረፍ፣ እሷም ውሃው ድርሽ እንዳትል አዋጅ አስነገሩ።

በነሐሴ ልጃቸው የበኩር ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ስትመጣ፣ በቅሎዋ መሃል ወንዝ ላይ ተንሸራተተች! ልጅቱ አንድ ድንጋይ ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች፣ ውሃው ደረቷ ደርሷል፣ ሰዉ ጅራፉን ፈርቶ ዳር ላይ ጭጭ!

«ጥሯት እንጂ!» አሉ ልጃቸውን ሊቀበሉ ዳር የቆሙት ፊታውራሪ።

«ማንን ጌታዬ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እሷን ነዋ!»

«እሷ ማን ናት ጌታዬ? ስሟን ከለከሉን እኮ!»

ያኔ እኚያ ኩሩ ሰውዬ ካባቸውን ጭቃ ላይ ጥለው፣ «ታንጉት! ኧረ ታንጉት!» ብለው ጮኹ።

«ወዲህ!» የሚል ድምፅ ከበቅሎዋ ጀርባ መጣ። ለካ ማንም ሳይጠራት ገብታ ልጅቱን በብብቷ ይዛታለች! ሰዎቹ ዛፉ ላይ የቋጠረችውን ጠፍር ጎትተው ሁለቱንም አወጧቸው። በሳምንቱ ሴት ልጅ ተወለደች፣ «ታንጉት» ብለው ስም ያወጡላትም ራሳቸው ፊታውራሪ ናቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ነው ቦታውም ሰውም በአንድ ስም የሚጠራው።

ዛሬም ድልድይ የለንም። ክረምት ላይ የሚሻገር ሰው «ታንጉት!» ሳይል እግሩን አይነክርም፣ ቀድሞ የተሻገረው «ወዲህ!» ይለዋል። ጋሼ፣ ማክሰኞ ሕፃኗን ታቅፈው ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ፣ ውሃው ጉልበትዎን ሲያልፍ፣ ጉሮሮዎ እስኪሰነጠቅ ማንን ነበር የጠሩት?

«ወዲህ!» ያልኩዎት እኔ ነኝ።