«የእርስዎን ልጅ አልነካም» ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ሣር በሊታ እንስሳት በአንድ ወንዝ ዳር፣ ከትልቅ ሾላ ሥር፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ትምህርት ቤት ሲባል ጣሪያ የለው፣ ግድግዳ የለው፤ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ ሜዳ ነው። አንድ በር ብቻ አለው። ወላጆች ጠዋት ጥጃውን፣ ግልገሉን፣ ውርንጭላውን አስገብተው ወደ ግጦሽ ይሄዳሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥተው ይወስዳሉ። ልጆቹም ጆሮ ማቆም፣ መራገጥና መሮጥ ይማራሉ። ለሣር በሊታ ልጅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። የመጀመሪያው ሰብሳቢ የላም አያት፣ ትልቁ በሬ ነበር። ሲሞት ቁርበቱን ለትምህርት ቤቱ ተናዘዘ። ከዚያ ወዲህ የተመረጠ ሰብሳቢ ሁሉ ያንን ቁርበት በሩ ላይ አንጥፎ፣ እሱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከበሬው ቀጥሎ የተመረጠው አጋዘን ግን አረጀ፤ ዓይኑ ፈዘዘ። «በቃኝ፣ ሌላ ፈልጉ» አለ።

ምርጫ ተጠራ። ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። አንደኛዋ ጃርት ናት። ሁለተኛው፣ አትሳቁ፣ ጅብ ነው።

«ጅብ?» አለች አህይት ወሬውን ስትሰማ። በአፏ የያዘችው ሣር ወደቀ።

አህይት ሸጌ የሚባል አንድ ውርንጭላ አላት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ሲራገጥ ራሱን የሚጥል፣ ገና እግሩ ያልጠና። ትምህርት ቤት ካስገባችው ወዲህ አንድ ጉርሻ በጎረሰች ቁጥር ቀና ብላ ወደ ሾላው ታያለች። ይዛው እንዳትውል ግጦሹ ከገደል ማዶ ነው። ሳትበላ እንዳትውል ደግሞ ወተቷ ይደርቃል።

«ምን ያስደነግጥሻል?» አላት አውራው በግ። ይህ በግ ላቱ የተንዠረገገ፣ በስብሰባ ላይ ነገሩ ሳያልቅ «ባአ!» ብሎ የሚደግፍ በግ ነው። «ሕጉ ላይ ጅብ አይወዳደርም የሚል የለም።»

«ሕጉ ሲወጣ ጅብ ይወዳደራል ብሎ ማን አሰበ!»

«ያው ነው፤ አልተጻፈም» አለና ላቱን እያወዛወዘ ሄደ።

የጅቡ ቀስቃሽ ቀበሮ ነበር። በነጋታው እንስሳቱን ሰብስቦ ኩይሳ ላይ ወጣ።

«ወገኖቼ! ልጆቻችንን የሚበላው ማነው?»

«ጅብ!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

«አበጃችሁ! ታዲያ ጅቡ ራሱ በር ላይ ከተቀመጠ፣ ማን ሊመጣ ነው?»

እንስሳቱ ተያዩ። ነገሩን አመነዠኩት። ጅብ በር ላይ ካለ ጅብ ከውጭ አይመጣም።

«እውነትም!» አለ በጉ። «ባአ!»

«ሥጋውስ?» ብላ ጠየቀች ፍየል።

«ትቷል። ከጀመረ ሳምንቱ ነው ሣር ብቻ የሚበላው። አያ ጅቦ፣ እስቲ አሳያቸው።»

ጅብ አንድ እቅፍ ሣር አፉ ውስጥ ከተተ። አላመጠ፣ አላመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይ... ይጣፍጣል» አለና እየሮጠ ከኩይሳው ኋላ ሄደ። ሲያስመልሰው ለሁሉም ተሰማ።

«ከደስታው ብዛት ነው» አለ ቀበሮ።

ተራው የጃርት ሆነ። ጃርት ኩይሳ ላይ አልወጣችም። ባለችበት ቆማ፣ «በሩን እዘጋለሁ። የመጣውን እወጋለሁ» አለች።

«ከዚያስ?» አለች ላም።

«ከዚያማ ምን አለ? ደግሞ ልጆቻችሁን ለመውሰድ የምትዘገዩትን እቆጣለሁ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «አፏም እንደ እሾኋ ነው!» አለች ላም። «ልጅ አቅፋ የማታውቅ!»

ጅብ ግን ያቅፋል። የአፉን ጠርጎ መጣና በየወላጁ እየዞረ ጥጃውን ሳመ፣ ግልገሉን አነሳ፣ አንገቱ ሥር አሸተተ፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነ። «አቤት፣ ደህና አድርገሽ ይዘሽዋል!» ይላል። እናቶቹም ልጃቸው ሲሞገስ ጊዜ ደስ አላቸው። የልጅ ሙገሳ ማን ይጠላል?

በመጨረሻ ወደ አህይት መጣ።

«እመት አህይት፣ እንደምን ዋሉ?»

የአህይት ጆሮ ቀጥ አለ። ጅብ በሕይወቷ «በየት በኩል ሄደች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር እንጂ እንዴት ዋልሽ ብሏት አያውቅም። እሱ ላይ ደግሞ እርስዎ! ሸጌን በእግሮቿ መሃል ደበቀችው።

ጅብ ግራና ቀኝ አየና ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ። «ለማንም እንዳይናገሩ። ቢመርጡኝ እኔ የእርስዎን ልጅ አልነካም። እምላለሁ። የእርስዎን ብቻ!»

«ሸጌን?»

«ሸጌ ነው የሚባለው? ስሙም ይጣፍጣል» አለና ምራቁን ውጦ ሄደ።

አህይት ሸጌን ከእግሮቿ መሃል ለቀቀችው። «ተመስገን፣ የኔስ ተረፈ» አለች በሆዷ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሾላው ሳትዞር ጠግባ ጋጠች። ጠግባም ወንዝ ወረደች። ውኃውን አንድ ጊዜ እንደ ሳበች ግን ቀጥ አለች።

የእርስዎን ብቻ።

የኔን ካልነካ፣ የማንን ሊነካ ነው?

ውኃው ከአፏ ተመልሶ ፈሰሰ። ከሸጌ ጋር ሲቦርቅ የሚውለው የላሟ ጥጃ ትዝ አላት። ያ ለምድ የለበሰ የሚመስለው ጸጉራም ግልገልም ትዝ አላት። ቀን ሙሉ በሌላው ልጅ ሞት ተደላድላ ስትግጥ መዋሏ አሳፈራት። ሮጣ ፍየል ዘንድ ሄደች።

«እትዬ ፍየል፣ ያ ጅብ በጆሮሽ ምን አለሽ?»

ፍየል ወደ ቅጠሉ ዞረች። «ምንም።»

ላምንም ጠየቀች። «ምን ይለኛል?» አለች ላም፤ ጭራዋን ወዲያ ወዲህ መታች። ዝንብ ግን አልነበረም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ምርጫው እዚያው በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ፣ በሰልፍ ነው፤ ሁሉም ከሚወደው ተወዳዳሪ ኋላ ይሰለፋል፣ ረጅሙ ሰልፍ ያሸንፋል። ጃርት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀበሮ ግን፣ «ልኩን እንየው እንጂ! ቁርበቱ ይነጠፍለት!» ብሎ ጅቡን ከወዲሁ የበሬው ቁርበት ላይ አስቀመጠው። ሕዝቡም ከኋላው ግር አለ። ከሁሉም ፊት፣ የጅቡን ጭራ ሊረግጥ ምንም ሳይቀረው፣ አውራው በግ ቆመ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች አህይት።

«አጭር ይሁን» አለ ቀበሮ።

«አያ ጅቦ ለብቻው ጠርቶ ‹የእርስዎን ልጅ ብቻ አልነካም› ያለው ወላጅ ካለ ጆሮውን ያቁም። እኔን ብሎኛል።» ብላ ሁለት ጆሮዋን ቀጥ አደረገች።

እመት አህይት ብቻዋን ጆሮዋን አቁማ ቆየች። ኋላ የፍየል አንድ ጆሮ ቀስ እያለ ተነሣ። ከዚያ የላም። ከዚያ የበጉ። ከዚያማ ሜዳው ሁሉ ጆሮ በጆሮ ሆነ።

«እንዴ! አንቺንም?»

«አንቺንስ?»

«እኔን እኮ ለማንም አልነገርኩም ብሎኛል!»

«እኔም» አለች አህይት፣ «የኔን ከተወልኝ የፈለገውን ይብላ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሣር ጣፍጦኝ ውያለሁ። እናንተም ስለ ሸጌ እንዲሁ ነው ያላችሁት፣ አይደል?»

ፍየል ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ላም አሁንም የሌለ ዝንብ መታች።

«ታዲያ አያ ጅቦ፣ የሁላችንንም ልጅ ካልነካህ፣ አንተ ምን ልትበላ ነው?»

ጅብ እንዴት ይመልስ? አፉ ሞልቷል። ሁሉም ወደ ታች አዩ። ከተነጠፈው ቁርበት የቀረው ከቂጡ ሥር ያለው ቁራጭ ብቻ ነው።

«ፀሐይ ነው!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። «ቁርበት በፀሐይ ይኮማተራል!»

«ከአፉ የተንጠለጠለው የበሬ ጭራስ?»

«ጥርሱን እየፋቀበት ነው!»

«አያቴን!» አለች ላም። «ዋይ! አያቴን በላብኝ!» ብላ ቀንዷን አቀርቅራ መጣች። ሰልፉ ተበተነ። በትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ትምህርት በዚያን ቀን ወላጆች ደገሙት። ጅብ በስተቀኝ ሲሸሽ አህይት በኋላ እግሯ አገጩን አለችው። በበሩ ሊያመልጥ ሲል ጃርት እሾኋን አቁማ ጠበቀችው። ዞሮ ወደ ኋላ ቢል ሜዳው ጭር ብሏል።

በግ ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም። «እኔ ድምፄን አልለውጥም! ቃል ቃል ነው!» እያለ ጀርባውን ሰጥቶ ለሕዝቡ ይናገራል። ጅብ አላመነታም፤ በዚያው ሲያልፍ ያንን የተንዠረገገ ላት ቦጭቆ የእሾኹን አጥር ዘሎ ጠፋ።

ቀበሮንስ? ቀበሮን ሲፈልጉት ከጃርት ኋላ ተሰልፎ አገኙት። «እኔ መጀመሪያም ጃርት ነው ያልኩት» አለ።

ጃርት ተመረጠች። ማንንም አላቀፈችም። በሩን ዘጋች። አህይት ግን የመጀመሪያው ቀን ገደሉን ትሻገርና ትመለሳለች፣ ትሻገርና ትመለሳለች፣ በሩን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ታያለች። በመጨረሻ ጃርት እሾኋን አቆመች። «ዘግቼዋለሁ አልኩሽ እኮ! ሂጂልኝ!» አለቻት። አህይት እንዲህ ደስ ያላት ስድብ ሰምታ አታውቅም።

በጉ ቁስሉ ሲደርቅለት፣ «አሁንስ ገባህ?» ብላ ፍየል ጠየቀችው።

«ምኑ?» አለ በጉ ላት የሌለው ቂጡን እያወዛወዘ። «ሰውየው ቃሉን ጠብቋል። ልጄን አልነካም አለ እንጂ ስለ ላቴ መቼ ተናገረ?»

ከዚህ የምንማረው፣ ጆሯችን ሥር ጎንበስ ብሎ «ያንተን ልጅ ብቻ አልነካም» የሚል ተወዳዳሪ ሲመጣ፣ የኔስ ተረፈ ብሎ ደስ ከመሰኘት በፊት ጎረቤትን «አንተንስ ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚያሻ ነው።