ጃርት በርካሽ የገዛቻቸው ቋጠሮዎች

ይህን ተረት አያቴ ሲነግረኝ ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ አንዳንዱን ቦታ አዛብቼው ይሆናል። ሽማግሌው ከርከሮ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ የጃርቷ ልጆች ስንት እንደሆኑ ግን አላስታውስም። ተረቱን ያስታወሰችኝ የቆዳ ቦርሳ እየሰፋች የምትሸጥ ጓደኛዬ እስከዳር ናት። ገዢ ኢንተርኔት ላይ ቶሎ እንዲያገኛት፣ ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እሷ ድረ ገጽ የሚጠቁሙ ብዙ ሊንኮች በርካሽ የሚሸጥላት ሰው አግኝታ ነበር። ልትከፍለው ስትል፣ ቆይ መጀመሪያ አንድ ተረት ልንገርሽ አልኳት።

በድሮ ድሮ ዘመን፣ እንስሳት እንደ እኛ ሲያወሩ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ አራት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ከዋርካው ሥር አባ ከርከሮ የሚባል ሽማግሌ ይቀመጣል። መንገደኛው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። ጥሩ ውሃ የት ይገኛል፣ የማን ማር ይጣፍጣል ይሉታል። እሱም ዋርካውን ቀና ብሎ ያይና፣ "በዚህ ሂድ" ይላል። በዚህ ሂድ ያለው ሄዶ ያዘነ የለም።

ዋርካውን የሚያየው በከንቱ አልነበረም። በዚያ አገር እያንዳንዱ ሻጭ በዋርካው ላይ የራሱ ቅርንጫፍ ነበረው። ከእሱ ዘንድ በልቶ የረካ እንግዳ ከገዛ ደጁ ሣር ነጭቶ ይመጣና በሻጩ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ምስክርነቱ ያ ነው። አባ ከርከሮ ቋጠሮዎቹን በምን እንደሚመዝን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አገሩ ሁሉ፣ ይቆጥራል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል ይል ነበር።

እመት ጃርት ለዚያ አገር አዲስ ናት። ቆላ ሳለች ዘንዶ ባሏን ዋጠባትና ልጆቿን ይዛ ወደ ደጋው ወጣች። ጣፋጭ ሥር እየቆፈረች በእህል ትለውጣለች። ሥሯን የቀመሰ ሁሉ ከንፈሩን ይልሳል። ምን ያደርጋል፣ የቀመሰው ጥቂት ነው። በቅርንጫፏ ላይ ያለው የድኩላና የቆቅ ቋጠሮ ብቻ ነው። ጎረቤቷ ፍልፈል ግን ከአያቱ ጀምሮ ሥር ሻጭ ስለሆነ ቅርንጫፉ በቋጠሮ ጎብጧል፤ አባ ከርከሮም መንገደኛውን ወደ እሱ ይልካል። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። ክረምት ሳይገባ ጎተራዋ ካልሞላ፣ ልጆቿን ይዛ ወደዚያው ወደ ዘንዶው አገር መውረዷ ነው።

ቆቅ፣ አይዞሽ፣ ቋጠሮ አንድ በአንድ ነው የሚበዛው ብትላትም ጃርት እንቅልፍ አጣች።

ይህን ጊዜ አያ ጥርኝ ብቅ አለ። ጸጉሩ ያማረ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ፣ ሥራው ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነበር።

"ምነው ተከዝሽ እመት ጃርት?"

"ቋጠሮ ቸግሮኝ ነው፣ አያ ጥርኝ።"

"ለቋጠሮ ነው እንዲህ የከሳሽው? አንድ ቁና ሥር ስጪኝና ነገ ቅርንጫፍሽን አጎብጥልሻለሁ።"

ጃርት ጠርጠር አደረገች። "የማን ሣር ነው?"

"የዝሆን አለ፣ የአጋዘን አለ፣ የጎሽ አለ።"

"እነሱ እኮ የኔን ሥር ቀምሰው አያውቁም።"

"ሣር ሣር ነው፣ እመቴ። ሣር አፍ አለው እንዴ?"

ጃርት ልጆቿን አየች፣ ባዶውን ጎተራ አየች፣ አንድ ቁና ሰፍራ ሰጠችው። በማግስቱ ወደ ዋርካው ብትሄድ ቅርንጫፏ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። አባ ከርከሮ ያን ሰሞን የበጋው አቧራ አፍንጫውን ደፍኖት ሲያስነጥስ ነበር የሚውለው። መንገደኞች ጣፋጭ ሥር የት አለ ብለው ሲጠይቁት ቀና ብሎ አየ፣ አስነጠሰ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ "በዚህ ሂዱ" አለ።

ሄዱ። ቀጭኔ ሄደ፣ ጉሬዛ ከነቤተሰቡ ሄደ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዝንጀሮዎች እየተጋፉ ሄዱ። ቀመሱ፣ ከንፈራቸውን ላሱ፣ ቅዳሜ ለገበያ እህላችንን ጭነን እንመጣለን ብለው ቃል ገቡ። ፍልፈል ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ፣ ይሄ ሁሉ ሰልፍ ለቀብር ነው ወይስ ለሠርግ እያለ አሾፈባት። ጃርት ግን ለአንዱ ስታቀምስ ሌላው ይደርስባት ነበር። ለጥርኝ ሌላ ቁና ጨመረችለት፤ ሌላ ቋጠሮ ጨመረላት። ለቅዳሜ እንዲደርስላትም የማሳዋን ሥር በሙሉ ቆፍራ አውጥታ ደጇ ላይ ከመረችው። ቆቅ መጥታ፣ ኧረ መሬት ውስጥ ይቆይልሽ፣ ዝናብ ቢመጣስ ብትላት አልሰማቻትም።

ዓርብ ዕለት ዝናብ መጣ።

የመጀመሪያው ካፊያ አቧራውን ከአየሩ አጠበው፤ የአባ ከርከሮም አፍንጫ ተከፈተ። ሽማግሌው ተነሣ። ወደ ጃርት ቅርንጫፍ ተጠጋና በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ አንዱን ቋጠሮ አሸተተ። ሁለተኛውን አሸተተ። ሦስተኛውን አሸተተ። ዝባድ፣ ዝባድ፣ ዝባድ። ከጥርኝ ገላ የሚወጣው ያ ኃይለኛ ሽቶ በካፊያው ረጥቦ ዋርካውን ሁሉ አጥኖታል። አገሩ ያን ጊዜ ነው ያወቀው፤ አባ ከርከሮ ለካ አንድም ቀን ቆጥሮ አያውቅም። የሚያሸተው፣ ሣሩ ከማን ደጅ እንደተነጨ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አገሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እህል የጫኑት መንገደኞችም ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆሙ። አባ ከርከሮ፣ ጃርት ሣሩ የእነ ዝሆን ነው ስትለው፣ ዝሆንን ጠራው።

"የእመት ጃርትን ሥር በልተሃል?"

"እኔ በልቼ ቢሆን የሚሸጥ ይተርፋት ነበር?" አለ ዝሆን።

ሁሉም ሳቀ። ጎሽ በዚያ መንገድ አልፎ እንደማያውቅ ተናገረ፤ አጋዘን ጃርት የምትባል መኖሯንም ገና መስማቷ ነበር። ጃርት አንገቷን ደፍታ፣ ሣር ሣር ነው ብሎኝ ነው አለች።

"ሣር ሣር ነው፤ ደጅና ደጅ ግን ይለያያል" አለ አባ ከርከሮ። ቅርንጫፉን በጥርሱ ይዞ ገነጠለና መሬት ላይ ጣለው።

ድኩላ ብድግ አለ። "አባቴ፣ የኔ ቋጠሮም እዚያ ላይ ነው። እኔ እኮ እውነት በልቼ ነው።"

"ይሆናል ልጄ። ግን ዝባዱ ያንተንም ውጦታል። የቱ እውነት እንደሆነ በምን ልለየው?"

እህል የጫኑት መንገደኞች ፊታቸውን ወደ ፍልፈል ቤት አዞሩ። ጃርት ዓይኗ እያየ ሄዱ። ዝናቡም ጠነከረ፤ ደጇ ላይ የተከመረው ሥር ውሃ መጠጣት ጀመረ።

ጃርት ወደ ጥርኝ በረረች። ሥሬን መልስልኝ አለችው። ጥርኝ ጸጉሩን እያበጠረ ነበር።

"ቋጠሮ ሸጥኩልሽ፣ ቋጠሮ ወሰድሽ። የአባ ከርከሮን አፍንጫ ሸጥኩልሽ እንዴ?"

"ልጆቼን ይዤ ወደ ዘንዶው ልውረድልህ?"

"አታልቅሺ እመቴ። ሁለት ቁና ብትሰጪኝ መጥቼ እፈታልሻለሁ። የመፍታቱ ዋጋ ትንሽ ወደድ ይላል።"

ያን ጊዜ ጃርት እንባዋን ጠረገችና እሾኋን አቆመች። ጥርኝ ዞሮ ሊሮጥ ሲል ኋላው እሾህ በእሾህ ሆነ። በቀን እንዲህ ሆኖ ቢታይ መሳቂያ ስለሚሆን ጫካ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ጀንበር ካልጠለቀች አይወጣም።

ጃርት ወደ ዋርካው ተመልሳ አባ ከርከሮን ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችው። ሽታው ከዚህ እንዲለቅ ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ቋጠሮውን ሁሉ ራስሽ ፍቺው አላት። ዝናብ እየወረደባት አንድ በአንድ በጥርሷ ፈታችው። የዝባዱ ምሬት ምላሷን አደነዘዘው። ስትጨርስ፣ አዲስ ቅርንጫፍ መቼ ይበቅልልኛል አለችው።

"መብቀሉ አይቀርም። መቼ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።"

ወደ ቤቷ ስትደርስ የሥሩ እኩሌታ በስብሷል። ያልበሰበሰውን በእሾኋ ላይ ሰክታ ተነሣች። ቆቅ ከፊት ከፊት እየሄደች ደጁን ሁሉ ታንኳኳ ጀመር። አንዳንዱ በሩን ዘጋባቸው፤ አንዳንዱ፣ የዝባዷ እመቤት መጣች እያለ አላገጠ፤ አንዳንዱ ግን ቀመሰ። የቀመሰው እፍኝ እህል ሰጠ። እፍኝ በእፍኝ ጎተራው ግማሽ ሞላ። ያን ክረምት ጃርትና ልጆቿ በቀን አንዴ እየበሉ ከሱ እንጂ ወደ ዘንዶው አገር አልወረዱም። መስከረም ሲጠባ ዋርካው ላይ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ አቆጠቆጠች። ጥቂት ቋጠሮዎች ነበሩባት። አባ ከርከሮ ተንበርክኮ አንድ በአንድ አሸተታቸውና የሚያልፈውን መንገደኛ ጠርቶ፣ "በዚህ ሂድ" አለው።

ለዚህ ነው አያቴ ሲጨርስ እንዲህ የሚለው፤ የእውነት ምስክር ቢዘገይም ይደርሳል፣ የገዙት ምስክር ገዢውን ይከሳል።

እስከዳር ሊንኮቹን አልገዛችም። እኔ ግን ነግሬያት ከጨረስኩ በኋላ የጥርኝ ሽታ እውነት ሣር ላይ ይቆያል ወይ የሚለው አጠራጠረኝና ጥርኝ ሲያረቡ የኖሩ አንድ አዛውንት ፈልጌ ጠየቅኩ። እውነት ነው፤ ጥርኝ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ያለውን ሣርና ግንድ ጠረኑን እየቀባ ያልፋል፣ ጠረኑም እሱ ከሄደ በኋላ ብዙ ቀን ይቆያል።