ድንጋዩን ያጸዱት ሸርጣኖች

አንድ ጊዜ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ የባሕር ውሃ በተሞላ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ አንበሳ ዓሣ ነግሦ ይኖር ነበር። በገንዳው ወለል ላይ ደግሞ ጀርባቸውን በባዶ ዛጎል የሚሸፍኑ ትንንሽ ሸርጣኖች ነበሩ። ድንጋዩንና ኮራሉን የሚወርረውን አረንጓዴ አልጌ ቀኑን ሙሉ እየጋጡ የሚያጸዱት እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን ንጉሡ ዙሪያውን ቃኘና፣ «ይህን ድንጋይ እንዲህ ያነጣው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሸርጣኖቹ ሥራ ላይ አቀርቅረው ስለነበሩ፣ እዚያው ገንዳ ውስጥ የምትኖረው ቢጫዋ ቀበሮ ዓሣ ቀደመች። «እኔ ነኛ፣ ንጉሥ ሆይ! እነዚህማ ቆሻሻ ለቃሚዎች ናቸው።»

ንጉሡ ደስ ብሎት፣ የገንዳው ጠባቂ ለሸርጣኖቹ የጣላቸውን ባዶ ዛጎሎች በሙሉ ሸለማት። እሷም ደጃፏን አስጌጠችባቸው።

ሸርጣን ሲያድግ ዛጎሉ ይጠበዋል፤ ሰፋ ያለ ካላገኘ መከራውን ያያል። የሸርጣኖቹ ታላቅ እመት ሸርጢት፣ የታናሽ እህቷን ጭንቀት አይታ ወደ ቀበሮ ዓሣ ሄደች።

«እመቤቴ፣ እህቴ ዛጎሏ ጠቧት መላወሻ አጥታለች። እባክዎ አንዲት ብቻ ይስጡን።»

«ጌጤን ለቆሻሻ ለቃሚ? ሂጂ ከደጄ!»

በማግስቱ እህትየዋ ከጠበባት ዛጎል ወጥታ ሌላ ስትፈልግ፣ ራቁቷን ያገኛት አንድ ዓሣ ነክሶ ገደላት።

እመት ሸርጢት በንዴት ሸርጣኖቹን ሰበሰበችና፣ «ልፋታችንን በስሟ አደረገች፤ ዝም አልን። ቤታችንን ወሰደች፤ ለመንናት። አሁን ደግሞ ነፍስ! ከእንግዲህ አንዲት ጠጠር አንነካም። እስቲ እሷ ታጽዳው!» አለች። ሁሉም ፍርፋሪ እየለቀሙ አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ አረንጓዴ ጠጉር አበቀለ። ኮራሉ ታፈነ። የንጉሡ ዋሻ ሳይቀር ዝልግልግ አለ።

«ቀበሮ ዓሣ፣ አጽጂ እንጂ!» ሲል ንጉሡ አንባረቀ።

እሷም አልጌውን አንዴ ነከስ አድርጋ ተፋችው። «ዛሬ... ዛሬ ጥርሴን አሞኛል፣ ንጉሥ ሆይ።»

እመት ሸርጢት ወደ ፊት ወጣች። «ትናንትስ? አምናስ? አንዲት ቀን ስታጸዳ ያያት ካለ ይመስክር!»

ማንም አልመሰከረም።

ንጉሡ አፈረ። ዛጎሎቹን አስመልሶ ቀበሮ ዓሣን ከፊቱ አባረራት። ከዚያ ወደ ሸርጢት ዞሮ፣ «መርጠሽ ውሰጂ፤ ላንቺም፣ ለእህቶችሽም» አላት።

«ታናሽ እህቴ ግን ዛጎል አያስፈልጋትም፣ ንጉሥ ሆይ» አለች ሸርጢት። «ያን ቀን ማን እንዳጸዳው ሲጠይቁ ጎንበስ ብለው ወደ ታች ቢያዩ ኖሮ፣ ዛሬ አጠገቤ ትቆም ነበር።»



ከዚህ የምንማረው የሠራውን ሳያይ የተናገረውን የሚሸልም ዳኛ፣ ከቀማኛው እኩል በደለኛ መሆኑን ነው።